የበረንዳው ውርስ

ባርኔጣ ሰፊዋ ሴትዮ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ሱቃቸውን የሚከፍቱት ለገበያ ሳይሆን ለወሬ ነው። ባርኔጣ ገዢ ድሮ ቀረ፤ ወሬ ገዢ ግን ሞልቷል።

መስኮቱ አጠገብ የባለቤታቸውን ባርኔጣ የደፋ አንድ የእንጨት ጭንቅላት ቆሟል። የባርኔጣ ጨርቅ በእንፋሎት ለስልሶ የሚወጠርበት ነው። ሟች በገዛ ራሳቸው ልክ ጠርበውታል። የቅንድባቸው አጥንት ወደ ፊት የወጣ ስለነበር ሰፈሩ «በረንዳው» ይላቸው ነበር፤ ዝናብ ቢዘንብ ዓይናቸው አይረጥብም እየተባለ። እሳቸውም «መጠለል የፈለገ ይምጣ!» ብለው ይስቃሉ። ሴትዮዋ ያገቧቸው ለዚያች ሳቅ ነው። በዚያ እንጨት ልክ የተሰፋ ባርኔጣ ግን የሌላ ሰው ራስ ላይ ሲደረግ አፍንጫ ድረስ ይወርዳል።

አሁን ሴት ልጃቸው ሱቁን ልታከራየው ዕቃ ማውጣት ጀምራለች። «እማዬ፣ ይሄ ጉቶ ለማገዶ ካልሆነ ለምን ይሆናል?» ባለች ቁጥር እንጨቱን እቅፍ አድርገው፣ «እሱ ከወጣ እኔም ወጣሁ» ይላሉ።

አንድ ቀን የልጅ ልጃቸው እየሮጠች ገባች። ምራቋን ልካ የዘረመል ምርመራ አስደርጋ ነበርና ውጤቱ መጥቶላታል።

«እማማ፣ የኒያንደርታል ውርስ አለብን!»

«ማንን ነው የሚያንደረድረው?»

«ኒያንደርታል! ድሮ ድሮ የኖሩ፣ ሌላ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ከኛ ቅድመ አያቶች ጋር ተዋልደው ጠፉ። እኔ ውስጥ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ አለ። የቅንድብ አጥንታቸው ደግሞ ወጣ ያለ ነበር አሉ።»

ለወሬ መጥቶ በር ላይ የቆመ የጎረቤት ፀጉር አስተካካይ የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነው። «ውርስ? እንኳን ደስ አለዎት! ለጎረቤትስ ምን አሰቡ?»

ሴትዮዋ አልሰሙትም። «እና... የኔው በረንዳ ነዋ! ወረቀቱ ላይ እሱ አለ?»

ልጅቱ መዋሸት አማራት፤ አፏ እምቢ አላት። «ከማን እንደመጣ አይልም፣ እማማ። ካንቺም ሊሆን ይችላል። ቅንድብም በዚህ አይታወቅም። ደግሞ ብዙ ሰው ላይ አለ።»

«ብዙ ሰው ላይ? ታዲያ ሰፈሩ በሱ ብቻ ለምን ሳቀ?»

እንጨቱን አንዴ ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ ጆንያ ይዛ ወደ ቆመችው ልጃቸው ዞሩ። «እሱን ወረቀቱም ካላወቀው፣ በይ ውሰጂው። ቆይ፣ መጀመሪያ ባርኔጣውን ላውልቅለት።» አውልቀው የሚያስቀምጡበት ስላጡ የልጅ ልጃቸው ራስ ላይ ደፉት።

ባርኔጣው እንደ ልማዱ ቁልቁል ወረደ። ወረደ፣ ወረደና ቅንድቧ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ውይ፣ አባዬ!» አለች የልጅቱ እናት። ጆንያው ከእጇ ወደቀ።

«ምን ሆናችሁ? ምን አለ ፊቴ ላይ?»

«በረንዳ» አሉ ሴትዮዋ፤ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባቸው።

ሱቁ ተከራየ። እንጨቱ ግን አሁን የሴትዮዋ መኝታ ቤት መስኮት ላይ ነው። ባርኔጣውን ልጅቱ ወስዳዋለችና ራሱ ባዶ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር ሴትዮዋ ዞር ብለው ያዩትና፣ «ና ግባ እንግዲህ፣ ሊዘንብ ነው» ይሉታል።