ኮራል አይነካም

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ኤርትራዊቷ ጎረቤቴ እማማ ለተብርሃን የአስመራ ትኬት ቡክ ሊያደርጉ ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር ወዳለ የጉዞ ወኪል ሲሄዱ፣ ላስተረጉምላቸው ተከተልኳቸው። ሻጩ ወጣት ግን ትኬቱን ትቶ የአንድ ደሴት ሆቴል ፖስተር ዘረጋልን። ቅንጡ ነው፣ ባሕሩንም አይጎዳም፤ እንግዶቹ ራሳቸው ኮራል ይተክላሉ አለን።

«ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው። ጥፍር የምታህል እንኳ የሚሰብር ሰው አረመኔ ነው!» አለ እንባ አቅርሮ።

ተረጎምኩ። እማማ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ልጁ እኔን ያያል፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ።

«ልባቸው ተነካ አይደል? ኮራል አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቅልኝ» አለኝ።

«እማማ፣ አይተው ያውቃሉ?»

«ምጽዋ ያለው ያባቴ ቤት ግድግዳው ሁሉ ከባሕር የተፈለጠ ኮራል ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ትኬቱን ሳይሰጠን እንዳትተረጉምለት!»