አጽሙን ሰላም የምትለው ሴት

ሳሊሃ በሪያድ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የሰው አጥንት የሚጠናበትን ቤተ ሙከራ የምታጸዳው ከወሎ ከመጣች አንዲት ዝምተኛ ሴት ጋር ነበር። ሴትዮዋ የደበዘዘ ዓባያዋን ሰብስባ ወለሉን ስትወለውል ቀና አትልም። የመስታወቱ ሣጥን ጋ ስትደርስ ግን ጓንቷን አውልቃ፣ ውስጡ ለተጋደመው አጽም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አሰላሙ ዐለይኩም» ትላለች።

«እህቴ፣ ያላ! ሙዲራዋ ሳትመጣ እንጨርስ» አለቻት ሳሊሃ አንድ ቀን፣ አለቃቸውን ፈርታ።

«ሰው እኮ ነው። የሚፈልገው ዘመድ አያጣም።»

ነገሩ ለሳሊሃ የገባት ቆይቶ ነው። ከዓመታት በፊት መንፉሐ በሚባለው የሪያድ ሰፈር ሐበሻ በታፈሰበት ግርግር፣ የሴትዮዋ ወንድም ዳቦ ሊገዛ እንደ ወጣ ቀርቷል። እስር ቤትም፣ ሆስፒታልም፣ አገር ቤትም የለም። እሷ ግን «ይመጣል፣ ኢንሻአላህ» እያለች አንድም ቀን አላለቀሰችለትም።

የረመዳን ሰሞን ሣጥኑን ባዶ አገኙት። ሴትዮዋ ደንግጣ ሙዲራዋን ጠየቀቻት።

«ጥናቱ ኸላስ፣ አለቀ። አጽሙም ተቀበረ» አለቻት ሙዲራዋ።

ሴትዮዋ ባዶውን መስታወት ተደግፋ ቆመች።

«አፈር አገኘ? እሱስ ታደለ» አለችና፣ ለዓመታት ያቆየችውን እንባ እዚያው ለቀቀችው።