የሌለው መጽሐፍ መጨረሻ

ልጄና ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎን ተሰብስበው ፊልም ያያሉ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ገና የሚመጣ ዘመን፣ በግንብ የታጠረ ከተማ፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ ጨካኞች፣ መሃል ላይ ደግሞ እየተመረጡ የሚወሰዱ ልጆች። ፊልሙ ሲያልቅ ክርክር ይነሳል። ይሄኛው ከዚያኛው ሰርቋል፤ የለም፣ ያኛው ራሱ ከመጽሐፍ የገለበጠው ነው። ባለፈው መስማማት ሲያቅታቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«አባዬ፣ አንተ ድሮ ድርሰት ትጽፍ ነበር አይደል? ማነው ከማን የወሰደው?» አለችኝ ልጄ።

«አላውቅም» ብያት ወደ ጓዳ ገባሁ። የማውቅ መስሏት ተከትላኝ መጣች፤ ደክሞኛል አልኳት። እውነቴን ነው። ከሚያደክሙኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው። እነሱ የሚያውቁት የሰውን ሐሳብ ወስዶ የኔ ነው የሚል ሌባ ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው፤ የራሱን በግ እየጎተተ «የሰው ነው፣ የሰው ነው» እያለ ሰፈር የሚያቋርጥ ሰው። ይህን ለማስረዳት ደርግን፣ ኮልፌን፣ ወንድሜን፣ ሁሉንም መናገር ሊኖርብኝ ነው። ማን አቅም አለው?

ያኔ የምንኖረው ከ18 ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ አቅጣጫ ወረድ ብሎ በቀበሌ ቤት ነበር። ወጣት ለጦር ሜዳ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። በወረቀት ላይ ስሙ ብሔራዊ ውትድርና፣ በሰፈር ስሙ አፈሳ። በደንቡ መሠረት ዕድሜው የደረሰ ይመዘገባል፣ ይጠራል፣ ይሄዳል። ኮታው ሲጎድል ግን ደንቡ ቀረና ዕድሜ በቁመት ይለካ ጀመር። የልደት ወረቀት ያለው ሰው በሰፈራችን አልነበረም። የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች አንዱን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ ገርመም አድርገው «ደርሷል» ካሉ ደርሷል ነው፤ ይግባኝ የለውም።

እናቶች መላ መቱ። ልጅ ከቤት ሲወጣ «ጎንበስ በል» ይሉታል። የአፈሳው የጭነት መኪና በአስፋልቱ ብቅ ካለ ረጃጅሞቹ ልጆች ጉልበታቸውን አጥፈው፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ይሄዳሉ። እንግዳ ሰው ቢያያቸው የኮልፌ ወጣት ሁሉ ወገቡን የታመመ ይመስለው ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ጎንበስ ማለት አልሆንልህ ብሎት ቀረ። ትንሽ ይሞክርና ይረሳዋል። ገና አስራ ስድስት እንኳ ሳይሞላው በሩን ዝቅ ሳይል የማይገባ ሆኖ ነበር። እኔ ታላቁ ነኝ፤ ትከሻው ላይ እንኳ አልደርስም። ሰፈሩ «ታላቁን በኪሱ ይዞት ይሄዳል» እያለ ይቀልድብን ነበር፤ እሱ ይስቃል፣ እኔ እናደዳለሁ።

አንድ ጠዋት ቀበሌ ሱቅ ላምባ ልንገዛ ተሰልፈን ሳለ ከሰልፉ መዘው አወጡት። እኔ ከኋላው ነበርኩ። «ታላቁ እኔ ነኝ! እሱ ልጅ ነው!» ብዬ ስጮህ ጥበቃዎቹ ተያይተው ሳቁ። አንዱ እንዲያውም ራሴን ዳበስ አድርጎ «አንተ ወደ እናትህ» አለኝ።

እናቴ ልጆቹን ወዳከማቹበት ግቢ እየሄደች በሩ ላይ ትቆም ጀመር። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቁመቱ ነው እንጂ ዕድሜው ገና ነው! ቁመቱ ነው እንጂ ዕድሜው ገና ነው!» ዘበኛው «እማማ፣ እንዲህ ያለ ልጅ እዚህ የለም» ይላታል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ምናልባት ቀደም ብለው ጭነዋቸው ሄደዋል። እሷ ግን ትጣራለች። አላፊ አግዳሚው አንገቱን ሰብሮ ያልፋል፤ ማን ቆሞ ሊሰማት? በኋላ እሷም ደከማትና ቤት ዋለች። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በቀር የትም አትሄድም። ወንድሜ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ ያረዳንም የለም።

እኔ በዚያን ጊዜ የቀበሌያችን ወጣቶች የኪነት ቡድን አባል ነበርኩ። ድምፅ የለኝም፣ እስክስታም አያምርብኝም፤ ስለዚህ አጫጭር ድራማ እጽፋለሁ። ብዙዎቹ ስለ ስግብግብ ነጋዴ ናቸው፤ ስግብግቡ ነጋዴ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይያዛል። ወንድሜ ከተወሰደ በኋላ ግን ነጋዴው አልመጣልኝ አለ። የመጣው ሌላ ነው።

ገና በሚመጣ ዘመን፣ ስም በሌለው ከተማ በር ላይ አንድ ዘንግ ተተክሏል። ቁመቱ ዘንጉን ያከለ ልጅ በበሩ ይወጣል፤ የት እንደሄደ አይጠየቅም። የከተማው ልጆች ጎንብሰው ይሄዳሉ፣ ጎንብሰው ይጫወታሉ፣ ከዚያም ቀጥ ማለት ምን እንደሆነ ይረሱታል። አንድ ልጅ ግን ኳስ ሲጫወት ራሱን ይስትና ቀጥ ይላል። ይወስዱታል። መጨረሻ ላይ እናቱ በሩ ላይ ቆማ «ቁመቱ ነው እንጂ ዕድሜው ገና ነው» ትላለች። ዘበኛው እንዲህ ያለ ልጅ የለም ይላታል። ትደግማለች። መጋረጃው ይዘጋል፤ ከተዘጋም በኋላ ድምጿ ይሰማል። በቃ፣ አለቀ።

ያቺ መጨረሻ የእናቴ ነበረች። ሌላውን ሁሉ የጻፍኩት እዚያ ለመድረስ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ መሄጃ አጥቶ፣ እሷ ያለችውን እንዲሰማ፤ እሷም መሰማቱን እንድታይ ፈለግኩ። አስቀድሜ አልነገርኳትም። ስትሰማው ማን እንደጻፈው ታውቃለች ብዬ ነበር።

የቡድናችን አሠልጣኝ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል፤ ደግም ፈሪም ነው። ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከየትም አላመጣሁትም። ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳትደግመው» አለኝ። «ያንተ ከሆነ ዘንጉ የኛ ቀበሌ ነው፤ ዘበኞቹም እነማን እንደሆኑ ይታወቃል። አንተም እኔም አለቀልን። ፈረንጅ የጻፈው ከሆነ ግን የካፒታሊዝም ጭካኔ ነው። ማን ምን አገባው?»

«እና ምን ላድርግ?»

«ውርስ ትርጉም ነው በላ!»

ውርስ ትርጉም ማለት የባዕድ ድርሰት ወስዶ፣ የአገር ልብስ አልብሶ ማቅረብ ነው። ዘመኑ የትርጉም ዘመን ነበር፤ መንገድ ላይ መጽሐፍ ደርድሮ ከሚሸጠው ሰው ፊት ግማሹ ትርጉም ነው። ስለዚህ አንድ የባዕድ ደራሲ ፈጠርኩ። የመጀመሪያ ስሙን ከመድኃኒት ጠርሙስ ላይ፣ የአባቱን ስም ከአሮጌ ራዲዮናችን ላይ ወሰድኩለት። በእውነት ጥሩ ስም ወጣው። በጽሑፉ አናት ላይ በትልቁ ጻፍኩት፤ የኔን ስም ከሥር «ተርጓሚ» አልኩት። ከፋኝ፤ ግን መጨረሻዋ እስካለች ድረስ የማንም ስም ይኑርበት ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ማንኛውም ድራማ መድረክ ከመውጣቱ በፊት በገምጋሚ ኮሚቴ ፊት ይነበባል። ጸሐፊው ራሱ ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል፣ ኮሚቴው ሻይ እየጠጣ ይሰማል። ሊቀመንበሩ ለአጭር ትምህርት ወደ አንድ የሶሻሊስት አገር ተልኮ የተመለሰ ሰው ነበር፤ ከተመለሰ ወዲህ ያላየው አገር፣ ያላነበበው መጽሐፍ የለም። አንብቤ ስጨርስ ሁሉም የእሱን ፊት ያዩ ጀመር። እሱ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ደህና ተርጉመኸዋል ጓድ» አለ። «እኔ እዚያ በነበርኩበት ጊዜ ይህን መጽሐፍ አንብቤዋለሁ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ነው፤ ሊያጋልጠኝ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሳቅ መጣብኝ፤ ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«መጨረሻውን ግን አበላሽተኸዋል» ሲል ቀጠለ። «ዋናው መጽሐፍ ላይ እንዲህ አይደለም።»

«እንዴት ነው ጓድ ሊቀመንበር?»

«ዋናው ላይ ወጣቶቹ ይነሳሉ። ዘንጉን ይሰብሩታል፣ በሩን ሰብረው እየዘመሩ ይወጣሉ። እናትየዋ እልል እያለች ከፊት ትመራቸዋለች። ደራሲው ተራማጅ ነው፤ እንዲህ በለቅሶ አይጨርስም።»

«ልክ ነው፣ እኔም እንደዚያ መሆኑን ሰምቻለሁ» አለ ከጎኑ የተቀመጠው።

አሠልጣኙን አየሁት። ሻዩን እያማሰለ ነበር። ምን ልበል? መጽሐፉ የለም ብል ሊቀመንበሩን በሰው ፊት ውሸታም ማለቴ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የዘንጉ ባለቤት እኔ ነኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

«ምናልባት እኔ ያገኘሁት ቅጂ መጨረሻው ተቀዶ ይሆናል» አልኩ።

«እሱ ነው!» አለ ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት። «አየህ፣ ለዋናው ታማኝ መሆን ያስፈልጋል።»

ስንወጣ አሠልጣኙ ክንዴን ይዞ «ዝም አይነቅዝም» አለኝ። ሊመክረኝ ነው ወይስ ሊያጽናናኝ አልገባኝም፤ ሁለቱንም አልፈለግኩም።

ዛሬ ሳስበው ሊቀመንበሩ እያወቀ የዋሸ አይመስለኝም። ዘንግ የሚሰበርበት፣ ሕዝብ እየዘመረ የሚወጣበት መጽሐፍ ብዙ አንብቦ ይሆናል፤ ሁሉም አንድ ሆኖበት ይሆናል። ልጄ የምታያቸው ፊልሞችም አብዛኞቹ በዚያው ያልቃሉ። ከዚያ ድራማ ውስጥ በእውነት ከሰው የተዋስነው ያቺን የእልልታ መጨረሻ ብቻ ነበር። የሚገርመው፣ ዋናው እሷ ተባለች። እቤት ገብቼ ቀየርኩት። ብዙም አልፈጀብኝ፤ እንዲህ ያለ መጨረሻ እጅ ራሱ ያውቀዋል።

ትርኢቱ እሁድ ከሰዓት ነበር። ቀበሌ ጠርቶ መቅረት ስለማይቻል እናቴም መጣች፤ ሦስተኛው መደዳ ላይ ከጎረቤቶቿ ጋር ተቀመጠች። አስተዋዋቂው ማይክ ይዞ «የታላቁ ተራማጅ ደራሲ ሥራ» ብሎ ያንን ከጠርሙስና ከራዲዮ የሠራሁትን ስም ጠራ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ ቃል የጠፋባቸውን ለማስታወስ ጽሑፉን ይዤ ከመጋረጃው ጎን ቆሜያለሁ።

ልጆቹ ጎንብሰው መድረክ ላይ ሲወጡ መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ሰው መተያየት ጀመረ፣ ከዚያ መተያየቱንም ተወ። ልጁ ኳሱን ሊመታ ቀጥ ሲል አንዲት ሴት ከኋላ «ጎንበስ በል!» ብላ ጮኸች። ማንም አልሳቀባትም። እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ወደፊት ዘመም አለች። ልጁን ሲወስዱት፣ እናትየዋ በሩ ላይ ስትቆም፣ እናቴ ከወንበሯ ልትነሳ ምንም አልቀራትም። የምትጠብቀውን አውቃለሁ። ጽሑፉ እጄ ውስጥ ነበር፤ ያቺ ቃል ግን የለችበትም። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ያፈርኩበትና የተናደድኩበት ጊዜ የለም።

ዘንጉ ተሰበረ። መዝሙሩ ተጀመረ። እናትየዋ እልል እያለች ከፊት ወጣች። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ፤ ሊቀመንበሩ ከሁሉም በላይ። እናቴም ተነሳች፤ ሰው ሁሉ ቆሞ መቀመጥ አይቻልም። እጆቿ ግን ከነጠላው ውስጥ አልወጡም።

ወደ ቤት ስንሄድ ዘንቦ ነበርና መንገዱ ጨቅይቷል። ከሰው እስክንለይ አልተናገረችም።

«ያቺ እናት ልጇን አገኘችው?» አለችኝ።

«አላገኘችውም።»

«ታዲያ ምን አግኝታ ነው እልል ያለችው?»

የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እንዲህ አልነበረም ልላት እችል ነበር። መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ሰው የለም። ግን የትኛውን ነው የኔ ነው የምላት? በዚያ እልልታ ያለቀውን?

«መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው እማዬ» አልኳት።

ጭቃው ጫፍ ላይ ደርሳ ቀሚሷን ሰበሰበች።

«ምስኪን» አለች፣ ከልቧ አዝናለት። «የጻፈው ሰውዬ እናት የለችውም ማለት ነው።»

እጇን ይዤ ጭቃውን አሻገርኳት።