የጊዮርጊስ ዕለት ሰልፍ

የያዙኝ ማሽን ላይ ቆሜ ሳለሁ ነው። ሦስቱ ታጣቂዎች ከሽመናው ክፍል በር ላይ ሆነው ምን ያህል ጊዜ እንደጠሩኝ አላውቅም። ቀና ስል የአንዱ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ። «አንተ! ና ውጣ!» ይላል። ድምፁን አልሰማሁትም፤ ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት። እኛ የሽመና ሠራተኞች እንደዚያ ነበር የምንነጋገረው። ያ ሁሉ ማሽን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲንቋቋ ጉሮሮህ እስኪሰነጠቅ ብትጮህ የሚሰማህ የለም። ሐሜቱም፣ ቀልዱም፣ የምሳ ቀጠሮውም በከንፈር ነበር። ባለቤቴንም ያገኘኋት በዚሁ መንገድ ነው። ከማዶ ረድፍ ቆማ ስትሰድበኝ ከንፈሯን ሳነብ ከረምኩና ወደድኳት።

ያን ዕለትም ከማዶ ነበረች። ታጣቂዎቹ ክንዴን ሲይዙኝ «ምን አደረግህ?» አለችኝ በከንፈሯ። «ምንም» አልኳት። እውነቴን ነበር። የድሮው የሠራተኛ ማኅበር ኮሚቴ አባል ከመሆን በቀር ያደረግሁት ነገር የለም። መንግሥት ቀን ከሌት በላብ አደር ስም ይምላል፤ ላብ አደሩ ራሱ ሰብሰብ ብሎ ሲነጋገር ግን አይወድም። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ያስገቡኝ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ያለ፣ ከአንድ እህል ነጋዴ የተወረሰ መጋዘን ውስጥ ነው። ቀበሌው በቆርቆሮ ከፋፍሎ እስር ቤት አድርጎታል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሸተተኝ ሽምብራ ነበር፤ የሰው ላብና የሽንት ባልዲው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥና ከጣሪያው አቧራ ይራገፍብናል። በእኛ ክፍል አምስት ነበርን። አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ፣ ከኮዬ በኩል የመጡ ሁለት ወንድማማች ገበሬዎች፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ የባቡር ሠራተኛ፣ እና እኔ። ቅማል እንዳይፈላ ብለው ሁላችንንም ላጭተውናል። ጋሼ ገና እንዳዩኝ ጠጋ አሉልኝና «ና እዚህ ጋ ተኛ። እዚያ ማዶ ዝናብ ያፈሳል» አሉኝ።

ምግብ የሚመጣልን ከቤት ነበር። ባለቤቴ ከሥራ ስትወጣ ምሳ ዕቃዋን ይዛ በሩ ላይ ትሰለፋለች፣ ዘበኛው ይቀበላታል፣ ባዶውን ይመልስላታል። ባዶው ሲመለስ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው። ከተገደለ ደግሞ ማንም ሞተ ብሎ አይነግራትም። ስንቁን እንደሞላ ይመልሱላትና «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» ይሏታል። በቃ፣ ይህች ናት። እንዲያ የተባለች ሴት ሳህኗን ይዛ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ማልቀስ ክልክል ነው፣ ድንኳን መጣል ክልክል ነው፣ ለቅሶ የደረሰም ሰው ይጠየቅበታል።

አንድ ቀን ፀሐይ ሊያሞቁን ወደ ግቢው ባወጡን ጊዜ ባለቤቴን ከሽቦው ማዶ አየኋት። ዘበኛው መካከላችን ቆሞ ሲጋራውን ያጨሳል። ከጀርባው ሆና በከንፈሯ አናገረችኝ።

«እንደ ሌሎቹ ሳህኔን ይዤ አልመለስም። እንዳታመጪ ያሉኝ ቀን ሰው በተሰበሰበበት ወጥቼ ነው የምጮኸው።»

«ይገድሉሻል።»

«ይግደሉኝ።»

ስትቀልድ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ያን ቀን አልሄደም። ከዚያ ወዲህ ስለ ራሴ ካሰብኩት በላይ ስለ እሷ አስብ ነበር፤ እኔን ቢገድሉኝ ሁለታችንንም እንደገደሉ ነው።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ደረሰ። ጊዮርጊስ ነው፣ የዓመቱ። የዓለም ላብ አደሮች ቀንም በእኛ አቆጣጠር የሚውለው በዚያው ዕለት ነው። አቃቂ ውስጥ ይህ ነገር በየዓመቱ ራስ ምታት ነበር። ሰዉ ታቦት ሊያነግሥ ይፈልጋል፣ ቀበሌው ደግሞ ሰዉን ሁሉ ሰልፍ ላይ ይፈልጋል። ታቦቱ በጊዜ እንዲገባ ካህናቱን በትሕትና ይለምኗቸዋል ይባል ነበር። ጠመንጃ ይዞ የሚለምንን ሰው እምቢ የሚል ቄስ እኔ አላየሁም።

ጎህ ሲቀድ በራችን ተከፈተና አስተማሪውን ጠሩት። ተነሥቶ ብርድ ልብሱን ማጠፍ ጀመረ።

«ተወው፤ አያስፈልግህም» አለው ዘበኛው።

አስተማሪው አልተወውም። ቀስ ብሎ አጠፈው፣ ጫፉን ከጫፉ አገናኘ፣ ለትንሹ ወንድም አቀበለው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ጊዮርጊስ አይደል?»

«አዎ ልጄ። የዓመቱ ነው።»

«እንኳን አደረሳችሁ» አለን።

ምን እንላለን? «እንኳን አብሮ አደረሰን» አልነው። በሩ ተዘጋ። ፀሐይ ወጥታ እንደገና ሲከፈት ያው ዘበኛ የአስተማሪውን ግራጫ ሹራብ ለብሶ ነበር። ሁላችንም አየነው። ትንሹ ወንድም ብርድ ልብሱን ታቅፎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ረፋዱ ላይ የዘወትር ዘበኞቻችን ሰልፉን ሊያስተባብሩ ሄዱና በሩ ላይ ከሌላ ቀበሌ የተዋሱት አንድ ሰው ቆመ። ቤተሰቦቻችን በዓል ስለሆነ በጠዋት ነው የመጡት። ጋሼ በቆርቆሮው ስንጥቅ እያዩ ይነግሩናል። «ሚስትህ መጣች። ዳቦ ይዛለች። የአስተማሪው ባለቤትም ከኋላዋ ናት።» እኔም ወደ ስንጥቁ ሄድኩ።

አዲሱ ዘበኛ ሴቶቹን በእጁ እየገፋ ነበር። ሰልፍ ስላለ በሩ ይዘጋ ተብሏል፣ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ለሁሉም አንድ ነገር ነው የሚላቸው።

«መልሺ! ከእንግዲህ እንዳታመጪ! አንቺም መልሺ!»

ሰውየው ያቺ ንግግር በዚያ በር ላይ ምን ማለት እንደሆነ ከየት ያውቃል? ባለቤቴ ዳቦዋን እንደታቀፈች ቆመች፤ ሁላችንንም የፈጁን መሰላት። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣችና ዘቅዝቃ ለበሰችው፣ እንደ ሐዘንተኛ። ልጮህ አፌን ስከፍት የጋሼ መዳፍ አፌ ላይ አረፈ። «ይተኩሳሉ፣ አንተ ልጅ! ይተኩሳሉ!» ሁለቱ ወንድማማቾች እጅና እግሬን ያዙኝ። ሲለቁኝ መንገዱ ላይ ሴት የሚባል አልነበረም።

ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው። ሴትየዋን ደግሞ አውቃታለሁ፤ ያለችውን ታደርጋለች።

ወደ እኩለ ቀን ላይ እኛንም አወጡን። የታረሙ እስረኞች ሰልፍ ላይ ይታዩ ተብሏል አሉ። መታረማችንን ያኔ ነው የሰማነው። ሐዲዱን አሻግረው ሜዳው ላይ ከመድረኩ በስተግራ አቆሙን። የፊተኛው ረድፍ መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ይዟል፣ እኛ ከኋላ ነን። ከአንገት በላይ የተላጨ ራስ ብቻ ነው የሚታየው፤ የወለደች እናትም ልጇን ከዚያ መካከል አትለይም። ከፊታችን ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የተነዳ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ሞልቷል። ከማዶ ፋብሪካዎቹ በየተራ ገቡ፣ የእኛም ገባ። ዓይኔ የሽመናውን ሴቶች ፈለገ።

አገኘኋት፣ ጫፍ ላይ። ነጠላዋ አሁንም እንደተዘቀዘቀ ነው። የአስተማሪው ባለቤት አጠገቧ ቆማ የእኛን ረድፍ ከጫፍ ጫፍ በዓይኗ ትፈልጋለች። የእኔዋ አትፈልግም። የምታየው መድረኩን ብቻ ነው። መድረኩ ላይ የቆመው ሰው በድምፅ ማጉያው «ግራ እጃችሁን!» አለ። የግራ ቡጢ ሁሉ ተነሣ፣ «ይውደም! ይውደም!» ሜዳውን ሞላው። እሷ እጇን አላነሣችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ወገቧ ላይ ማሰር ጀመረች። ለቅሶ ቤት ሴት ወገቧን አስራ ምን እንደምታደርግ የማያውቅ የለም።

ቀኝ እጄን አነሣሁ። በዚያ ሁሉ ግራ መካከል አንድ ቀኝ። ከጎኔ ያለው ታጣቂ «ግራ ነው የተባለው፣ አንተ ከብት!» ብሎ በጠመንጃው አፈሙዝ ክንዴን መታኝ። እጄን አላወረድኩም፣ ደገመኝ። ግርግሩን አይተው አንዳንድ ሰዎች ዞሩ፣ እሷም ዞረች።

ሕዝቡ «ይውደም!» ሲል እኔ ያለ ድምፅ «አለሁ» አልኳት። ግራ እጄን አነሣሁ፣ ቀኙን አወረድኩ፣ እንደገና «አለሁ። አለሁ። ዘበኛው ነው የተሳሳተው» አልኳት። አፌ ስለሚንቀሳቀስ ለሚያየኝ መፈክር የምል ነው የምመስለው። ዓይኖቿ ሲሰፉ አየሁ። እጇ ወገቧ ላይ ካለው ቋጠሮ ላይ ቀረ። ከንፈሯ «ዳቦህን ለነዳያን ሰጠሁት» አለ። እዚያ መካከል ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮ።

«ሌሎቹስ?» አለች።

«ጋሼ አሉ። ወንድማማቾቹም አሉ።»

ከጎኗ የቆመችው የአስተማሪው ሚስት የሆነ ነገር እንደተፈጠረ ገብቷታል። ከንፈር ማንበብ ግን አታውቅም። የባለቤቴን ክንድ ይዛ ፊቷን ፊቷን ታያለች። ባለቤቴ ወደ እኔ ቀና አለች።

«አስተማሪውስ?»

በድምፅ ማጉያው ሌላ መፈክር ተጀመረ። ሜዳው በሙሉ ይሙቱ እያለ ይጮሃል። አለ ልላት አልችልም። የለም ማለት ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ። በዚያ ጩኸት መካከል፣ ሚስቱ ፊት ለፊት ቆማ፣ ሰውየው ጠዋት እንኳን አደረሳችሁ ብሎን ሄዶ። አፌን ዘጋሁ። ጥርሴን ነክሼ ባለቤቴን አየኋት፣ እሷም አየችኝ።

ገባት። ፊቷ ምንም አልተለወጠም። ወገቧ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈታች፣ ነጠላዋን በትክክል ለበሰች፣ ከዚያ የአስተማሪውን ባለቤት በክንዷ አቀፈቻት። እኔ ከዚህ በላይ አላየሁም። አንድ ካድሬ ደርሶ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር።

«አንተ! አፍህን ምን ዘጋው? በል!»

አላልኩም።

«በል እኮ ነው የምልህ!»

ከአንድ ጭነት መኪና ኋላ ወሰዱኝ። ከፊት ካሉት ጥርሶቼ ሁለቱን እዚያው ሜዳ ላይ ትቻቸው ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ማፏጨት አልችልም፤ ባለቤቴ ይህን ከዕድሎቿ አንዱ አድርጋ ትቆጥረዋለች። መጋዘኑ ስንመለስ ጋሼ ሸሚዛቸውን ቀደው አፌን ጠረጉልኝ። ምን እንደሆነም አልጠየቁኝም፣ ሁሉን አይተዋል።

በማግስቱ ምሳ ዕቃው መጣ። በሩ ላይ ተቀበሉት፣ ባዶው ተመለሰ።

የቀረውን የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ያን ቀን የአስተማሪውን ሚስት እስከ ቤቷ ሸኘቻት። «አላየሁትም፤ ከኋላ ቆሞ ይሆናል» ብላ ዋሸቻት። ማታውን የሴትየዋን ዘመዶችና ሽማግሌዎችን ስትጠራ አመሸች፣ ሲነጋጋ እንደ ወጉ ቤቷ ሄደው መርዶውን ነገሯት። መስኮቱን ዘግተው፣ ሬዲዮ ከፍተው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ። እኔ የሞትኩ መስሏት አደባባይ ልትጮህ ወገቧን ያሰረችው ሴት የሌላዋን ጩኸት በደረቷ ስትይዝ ዋለች።

አሁን ሁላችንም አርጅተናል። ጋሼ ካረፉ ቆዩ። ባቡሩ መምጣት ከተወ ጊዜው ረጅም ነው፣ መጋዘኑ ጋ የባጃጅ ጋራዥ አለ። ሚያዝያ ሃያ ሦስት ግን በየዓመቱ ይመጣል። ጠዋት ታቦት ይወጣል። የሠራተኛ ማኅበሩ ልጆች ኮፍያና ካናቴራ ለብሰው ሰልፍ ይሄዳሉ፣ እኔንም እንደ ነባር ሠራተኛ በክብር ይጠሩኛል። አንዳንዴ እሄዳለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ከባለቤቴ ጋር የአስተማሪው ቤት ነን። የብዙ ሟች ቤተሰብ የሰውየውን ቀን እስከ ዛሬ አያውቅም። የአስተማሪው ሚስት ግን ታውቃለች፣ ሙት ዓመቱን አንድም ጊዜ አላስታጎለችም።

አምና ከቅዳሴ የመጣውን ሰው ካበላን በኋላ ሦስታችን ብቻ ቀረን። የአስተማሪው ሚስት ድንገት ዞር ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጠይቃኝ አታውቅም።

«ያን ዕለት ሜዳው ላይ፣ ይቺ ስትጠይቅህ ምን አልካት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«አፌን ዘጋሁ።»

ባለቤቴ አቀርቅራ የገበታ ጨርቁን ታስተካክላለች።

«እኔ እኮ ፊቷን እያየሁ ነበር» አለች የአስተማሪው ሚስት። «የለም ብለሃት ቢሆን እዚያው ፊቷ ላይ አየው ነበር። ሰው ሁሉ ይሙት እያለ በሚጮህበት መካከል ይሞትብኝ ነበር። ባሌ የሞተው እዚህ ነው፣ በቤቴ፣ በሚያለቅሱለት ሰዎች መካከል።»

ከዚያ ተነሥታ ለሁለታችንም ዳቦ ቆረሰችልን።