የተጠረጠረው እዝን

ክፍሉ ንጹሕ ነበር። መጀመሪያ ያስፈራኝም ንጽሕናው ነው። አገሬ ላይ የታሰርኩበት ክፍል ሰው ሰው ይሸት ነበር። ግድግዳው ላይ ከእኔ በፊት የነበሩት ስማቸውን፣ የልጆቻቸውን ስም፣ ከመዝሙረ ዳዊት የሚያስታውሱትን ያህል ጭረው ትተዋል። እዚህ ኦስሎ ግን ግድግዳው ለስላሳ ነው፤ ጥፍር እንኳ አይይዘውም። ወለሉ ላይ ሰማያዊ የላስቲክ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ የብረት መጸዳጃ፣ ጣሪያው ላይ አንዲት ጥቁር ክብ ካሜራ። ሌላ ምንም የለም። በሩ ሲዘጋም አልጮኸም።

ጫማዬን፣ ቀበቶዬን፣ የፀጉሬን ማስያዣ ወስደውብኛል። ፖሊሷ እያንዳንዱን በተቀበለች ቁጥር "አመሰግናለሁ" ትለኛለች። የአገሬ ፖሊስ ሲሰድበኝ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ይቺ ስታመሰግነኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ አቃተኝ። ለካሜራዋ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ።

ያኔ ከተማው መሀል ቦምብ ፈንድቶ ብዙ ሰው ከሞተ ገና ጥቂት ቀን ነው። አድራጊው የራሳቸው ሰው መሆኑ ታውቋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን ቴሌቪዥኑ የሚያወራው ሌላ ነበር፤ ክራቫት ያሰሩ አዋቂዎች ተራ በተራ እየተቀመጡ ስለ ባዕድ ሰው፣ ከሩቅ ስለመጣ ጥላቻ ያብራሩ ነበር። በኋላ እውነቱ ሲወጣ እነዚያው ሰዎች እዚያው ወንበር ላይ ሆነው ስለ ሌላው አብራሩ። የምከታተለው የወንጀል ድራማ ከፕሮግራም ወጣ፤ ተኩስ ያለበት ፊልም ሁሉ ተነሣ። በምትኩ ያው ጭስ፣ ያው የተሰባበረ መስታወት፣ ያቺው ደም የነካት ሴት፣ ያው የአበባ ክምር ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሳል። ከከተማው ዳር፣ ፉሩሴት ያለው ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥኑን መዝጋት እየፈለግሁ እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።

የምሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ መርዳት ነው። አለቃዬ ኖርዌጂያዊት ናት፤ ጥሩ ሴት። ከሞቱት አንዱ ወንድሟ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ አበባ ገዛ፣ ሁላችንም አንድ ካርድ ላይ ስማችንን ጻፍንና አለቀ። እኔ ግን አላለቀልኝም። ለቅሶ በካርድ ይደረሳል እንዴ? ወንድም የሞተበት ሰው እሳት አያነድም፤ ወዳጅ ነው አብስሎ ይዞ የሚሄደው። እዝን ማለት ይኸው ነው። ምስር ወጥ ሠራሁ። ሳይቀዘቅዝ እንዲደርስ ድስቱን በፎጣ ጠቀለልኩት፤ ባቡር ላይ እንዳይፈስ ደግሞ ክዳኑን በቡናማ ፕላስተር ዙሪያውን ደጋግሜ አሰርኩትና ጥቁር የጉዞ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ከቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ ጎረቤቴ ልጄን እንድትይዝልኝ መጥታ ቦርሳውን አየችው።

"ነግረሻታል እንደምትመጪ?" አለችኝ።

"ለቅሶ ቤት ደውሎ የሚሄድ ማን አለ?"

"እነሱ ሳይደወልላቸው አይወዱም። እኔ ነግሬሻለሁ።"

"ኀዘን ኀዘን ነው፤ የነሱና የእኛ የሚባል የለም" ብያት ወጣሁ።

የአለቃዬ መኖሪያ ከፈነዳው ቦታ ብዙም አይርቅም። ደወል ደወልኩ፤ የሚከፍት የለም። ትንሽ ጠበቅሁ። ዳቦ መርሳቴ ትዝ ሲለኝ ቦርሳውን የሕንፃው በር ሥር ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኩና ሱቅ ፍለጋ ሄድኩ። እኛ ሰፈር እዝን በር ላይ ቢገኝ ሰው የሚጠይቀው "ማን አምጥቶት ይሆን?" ብሎ ነው። በዚያ ሳምንት፣ በዚያ መንገድ፣ በፕላስተር የታሸገ ነገር ያለበት ጥቁር ቦርሳ ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ አላሰብኩም። ሞኝ ነበርኩ ብል ይቀለኛል፤ ግን ሞኝነት አልነበረም፣ የለመድኩትን ነው ያደረግሁት።

ስመለስ መንገዱ ተዘግቷል። ፖሊስ ሰዉን ወደ ኋላ ይገፋል። ራቅ ብሎ ጎማ ያለው የብረት ማሽን፣ ፈንጂ የሚፈትሹበት ዓይነት፣ ብቻውን ወደ አለቃዬ በር ይሄዳል። ወደ ምን እንደሚሄድ ሲገባኝ ዳቦውን እንደያዝኩ በሰዉ መሀል ሾልኬ ወጣሁ።

"የኔ ነው!" ብዬ በኖርዌጂያንኛ ጮህኩ። "ምግብ ነው! የኔ ነው!"

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አስፋልቱን ነው። ጉንጬ ላይ ጠጠሩ ይወጋኛል፤ የሰው ጉልበት ጀርባዬ ላይ አለ። ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ካሜራዎች አየሁ፤ አንድ ሁለት አይደሉም። ያን ሰሞን ከተማዋ ከየአገሩ በመጣ ጋዜጠኛ ተሞልታ ነበር። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን ለመቅበር መሬት ለመሬት ታገልኩ። ፖሊሶቹ ለማምለጥ የምታገል መሰላቸው፤ ይበልጥ ተጫኑኝ።

ለምን ፊቴን? በአገሬ ወጣት ሳለሁ በተቃዋሚ ፓርቲ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቦታ ፈንጂ ፈነዳና እኛን ሰበሰቡን። ስለ ፈንጂው የማውቀው እንደ ሌላው ሰው ከራዲዮ የሰማሁትን ነው። ብዙ ጊዜ ከቆየሁ በኋላ አንድ ቀን ፊቴን ታጠቢ አሉኝ፤ ፀጉሬን አበጠሩኝ፣ መብራት ፊት አስቀመጡኝና "እጄ አለበት" የሚል የተጻፈ ነገር አነበብኩ። ያ ተቆራርጦ፣ ሙዚቃ ተጨምሮበት፣ በጭስና በደም ሥዕል መሀል ገብቶ ፊልም ሆነ። አገር አየው። አባቴ ከዚያ ወዲህ እድር መሄድ ተወ። ወንድሜ ከሥራ ተባረረ። አባቴ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ሄዶ ሸጠው አሉኝ።

ከአገር ከወጣሁ በኋላ ሰዉ ቀስ በቀስ "ውሸት ሳይሆን አይቀርም፣ አስገድደዋት ነው" ማለት ጀምሮ ነበር። ለአባቴም ሰላምታ ይሰጡት ጀመር። እንግዲህ ፊቴ በኖርዌይ ቴሌቪዥን ከታየ በዚያው ዕለት አገር ቤት ይደርሳል፤ "ፈረንጆቹም ያዟት፤ ያ ፊልም እውነት ነበር ማለት ነው" ይባላል። አባቴን ሁለተኛ ይገድሉታል። እዚያ ፍራሽ ላይ ሆኜ የፈራሁት እስር አልነበረም። እስርን አውቀዋለሁ።

በሩ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት ተከፈተችና ፖሊሷ ውሃ በወረቀት ኩባያ አቀበለችኝ። ከኋላዋ የጠባቂዎቹ ክፍል ክፍት ነው፤ ቴሌቪዥን ይታየኛል። ያ ማሽን ወደ ቦርሳው ሲጠጋ። ከዚያ አረንጓዴ ጃኬት የለበሰች ሴት መሬት ላይ። ከዚያ እንደገና ማሽኑ። እንደገና ሴትዮዋ። ሰው በራሱ ላይ የሚደርሰውን ደጋግሞ ሲያይ ሌላ ሰው ይመስለዋል፤ ለአፍታ "ምን አድርጋ ይሆን?" አልኩ በልቤ።

"ፊቴ ይታያል?" አልኳት።

"ምን?"

"እዚያ ላይ። ፊቴ ይታያል?"

ዞር ብላ አየች። ምስሉ ተራውን ጠብቆ እስኪመለስ ቆመች። "አይታይም" አለችኝ። "ጀርባሽ ብቻ ነው።" ከዚያ ባልደረባዋን ድምፁን እንዲቀንስ ነገረችው። ለእኔ ብላ ነው። ግን ድምፁ ሲጠፋ የባሰ ፈራሁ፤ አሁን ስሜን ቢጠሩትም አልሰማም።

ለምርመራ ሲወስዱኝ ጠረጴዛው ላይ ስልክ ነበር፤ አስተርጓሚው ከስልኩ ውስጥ ነው። "እንደምን አሉ እህቴ" አለኝ፤ የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። የማን ሰው ነው? ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀኝ ይሆን? ኤምባሲ ቤት የሚመላለስ ቢሆንስ? እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔ እባቡንም አይቻለሁ፣ ልጡንም አይቻለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ነው ያቃተኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።

መርማሪው በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ፤ ምግብ ከሆነ ለምን በፕላስተር ታሸገ? ለምንስ ሳትነግሪያት ሄድሽ? ለምን ጥለሽው ሄድሽ?

ቢጨንቀኝ "እዝን ነው" አልኩ።

አስተርጓሚው "ምግብ ነው ትላለች" ብሎ ተረጎመ።

"ምግብ ብቻ አይደለም፣ ወንድሜ። እዝን ነው በልልኝ። ምን እንደሆነ ንገረው።"

"የእኔ ሥራ የተባለውን መተርጎም ነው፤ እርስዎ ራስዎ ያስረዱት፣ እኔ ቃል በቃል እነግረዋለሁ" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አይዞዎት፣ በቀስታ ይንገሩኝ" ሲል ጨመረ።

በቀስታ ነገርኩት። ወንድሟ የሞተባት ሴት እሳት እንደማታነድ፣ ሰው ብቻውን እንዲያለቅስ እንደማይተው፣ ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ እንደማይኬድ። እየተናገርኩ አለቀስኩ፤ ለአለቃዬ ይሁን ለራሴ አላውቅም። አስተርጓሚው ሁሉንም ነገረው፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ተሰበረ። መርማሪው ወረቀቱን ትቶ እያየኝ ሰማ። ሲያበቃ "እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም" አለ። ክፉ ሊናገረኝ አይመስለኝም።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፤ መብራቱ አይጠፋም። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር "አሁን ፊትሽን ታጠቢ ሊሉኝ ነው" እያልኩ ፊቴን ወደ ግድግዳው እመልስ ነበር።

የመጣው ግን መርማሪው ነው። አለቃዬን አግኝተዋታል። ቦርሳውን ማሽኑ በኃይለኛ የውሃ ግፊት መትቶ በትኖታል፤ ምስር ብቻ ነው የተገኘው። ይቅርታ ጠየቀኝ። ያቺ ፖሊስ ጫማዬንና ግራጫ ብርድ ልብስ ይዛ መጣች።

"ውጭ ጋዜጠኞች ነበሩ" አለችኝ። "ፈልገሽ እንደሆነ ራስሽ ላይ አድርጊው። በጓሮ በር እናወጣሻለን።"

ብርድ ልብሱን ያዝኩት። ስንት ሰዓት ሙሉ ፊቴን ከግድግዳ ጋር ያጣበቅሁት እንዲህ ያለ መሸፈኛ አጥቼ ነበር። ሆኖም ቴሌቪዥን ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚወጣ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያጠፋ ሰው ነው። ተከናንቤ ብወጣ ቀጣዩ ሥዕል እሱ ይሆናል። አጣጥፌ መለስኩላት።

"በፊት ለፊት በር ነው የምወጣው" አልኳት። ፀጉሬን አሲዤ፣ ቀና ብዬ ወጣሁ።

ማንም አልነበረም። ሌላ ሰፈር ሌላ ነገር ተገኘ ተብሎ ሁሉም ወደዚያ ሮጠዋል። አንድ ካሜራ ያዥ ብቻ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል፤ ካሜራው እግሩ ሥር ነው። ቀርቤ ፊቱ ቆምኩ።

"በቴሌቪዥን ያሳያችኋት ሴት እኔ ነኝ" አልኩት። "ምግብ ነበር። ለቀውኛል። ይህን ተናገሩ።"

ዳቦውን ዋጠና በሐዘኔታ አየኝ። "አዝናለሁ፣ ያ ዜና አልቋል" አለኝ።

አላለቀም። መያዜን የተናገረ ሁሉ መለቀቄን አልተናገረም። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ስለዚያ ሰሞን በሚሠሩት ዝግጅት ሁሉ፣ የፍርሃቱን ድባብ ለማሳየት ይመስለኛል፣ ያ አረንጓዴ ጀርባ ለአፍታ ያልፋል። ከጭሱ ቀጥሎ፣ ከአበባው በፊት። ለአባቴ በስልክ አልነገርኩትም፤ ሳይሰማ ሞተ። ለልጄም አልነገርኳትም። ያኔ ገና ሕፃን ነበረች።

ባለፈው ከትምህርት ቤት መጣች፤ እኔ ምጣድ ላይ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው።

"ማሚ፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ ዶኩመንታሪ አሳዩን። አንቺን አየሁሽ።"

እጄ ቆመ። "ፊት የለውም እኮ" አልኩ ሳላስበው።

"ናይ፣ ፊትሽን አይደለም፣ ጀርባሽን ነዋ። ጠዋት ጠዋት ባቡር ለመያዝ ከፊቴ ስትሮጪ የማየው ጀርባሽን አላውቀውም? እጄን አወጣሁና 'እናቴ ናት' አልኩ።"

በሰው ሁሉ ፊት! "ምን አሉሽ?"

"ሳቁ ትንሽ። መምህሩ ግን አቆመው። ቦርሳው ውስጥ ምን ነበር ብሎ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩት።" ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ አላወረደችም። "ምን ነበር፣ ማሚ? ምን ይዘሽ ነበር?"

ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ቴሌቪዥን እየጠቆመ "ይቺ ናት" የሚል ሰው ፈርቼ ኖሬአለሁ። መጣ፤ የገዛ ልጄ ሆነች። ካሜራ ይዘው ከቆሙት ሁሉ ደግሞ ምን ይዘሽ ነበር ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። ምድጃውን አጠፋሁ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ከለቅሶው ጀመርኩላት።