የአባቴ ጣዖቶች

አባቴ ኮሪያ ዘምቶ ሲመለስ፣ ለእረፍት ከወረደበት ከጃፓን ያመጣው ሀብት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይሞላ ነበር። ከዝሆን ጥርስና ከእንጨት የተቀረጹ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ነገሮች ናቸው፤ አይጥ፣ የተኛ ውሻ፣ ዓሣ ሻጭ፣ ሆዱን ገልጦ የሚስቅ ወፍራም ሰውዬ። አባቴ ሁልጊዜ የሚደባብሰው ወፍራሙን ነበር። የኮልፌ ወሬ ግን አንድ ነው፤ ሰውየው ቤቱ ጣዖት አስቀምጧል።

የነፍስ አባታችን ወሬውን ከሰሙ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። “እነዚያን ካላወጣህ ስትሞትም እንዳታስጠራኝ” ብለውታል። አባቴ ልቡን ይታመም ስለነበር ይህ ቀልድ አልነበረም። ያለ እሳቸው ፍትሐት የለም፤ ያለ ፍትሐት ደግሞ እናቴ ጎን አይቀበርም። ቆርቆሮውን መጣልም አልሆነለትም። ከጦርነት በሕይወት መመለሱን የሚያስታውሰው በእሱ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አስተማሪያችን በግለሰብ እጅ ያለ ቅርስ አጥንታችሁ መዝግቡ ሲሉን፣ ሁለት የክፍል ጓደኞቼን ቤት አመጣኋቸው። አባቴ እንደ ዳኛ አክብሮ ተቀበላቸው። ለኩ፣ ፎቶ አነሱ፣ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተሸክመው መጡ። በየቅርጹ ጀርባ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ምን እንደሚሠሩ ያገኙትም እነሱ ናቸው። የጃፓን ልብስ ኪስ ስለሌለው ከረጢት በገመድ ከመቀነት ይንጠለጠላል፤ ቅርጹ ገመዱ እንዳይሾልክ ይይዘዋል።

“የልብስ ቁልፍ ነው በሉኛ!” አለ አባቴ። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ዘመን አልፎ ነበር። “ይህንኑ ለአባ ንገሩልኝ።”

ስለ ወፍራሙ ሰውዬ ያነበቡትን ግን አውቅ ነበር። እሷን ነገር ዝለሏት ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ በአባቴ ልመና መጡ፤ ቤት አልገቡም፣ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጓደኞቼ ቅርጾቹን ተራ በተራ እያነሱ አስረዱ። ቀዳዳዎቹን ሲያሳዩአቸው አባ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ እንዲያውም አይጧን በእጃቸው ያዙ። ያኔ ክራቫት ያሰረው ጓደኛዬ ወፍራሙን አነሳና ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ይህ ደግሞ ጃፓኖች የሚያመልኩት የዕድል አምላክ ነው” አለ።

አባ አይጧን አስቀምጠው ተነሱና ወደ አባቴ ዞሩ። “ልጄ፣ የተናገሩት የራስህ ምስክሮች ናቸው” ብለውት ሄዱ።

“እሺ ብለኸኝ አልነበር?” አልኩት ጓደኛዬን።

“ጥናት ላይ አይዋሽም” አለኝ። ማን ዋሽ አለው? ዝም በል ነው ያልኩት!

በማግስቱ አባቴ ቆርቆሮውን ወስዶ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠው። ጓደኞቼ ከክፍሉ የበለጠውን ማርክ አገኙ። “ቅርስ አጠፋ” እያሉ አባቴን ሲያሙትም ሰማሁ። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም፤ እንድላቸውም አልፈልግም።

አባቴ ክረምቱን አልጨረሰም። አባ ቃላቸውን አክብረው መጡ። ለግንዘት ልብሱን ስናወልቅ ከቀበቶው ሥር በሲባጎ የተንጠለጠለች ትንሽ ከረጢት አገኘን። በሲባጎው ጫፍ ወፍራሙ ሰውዬ ይስቃል።

“ምንድን ነው ይሄ?” አሉኝ አባ።

“ቁልፍ ነው፣ አባ።”

ጥቂት አዩኝና መጽሐፋቸውን ገለጡ። ያን እሑድ የጎደለው ይህን ያህል ዝምታ ነበር።