ለሰፈሩ ሁሉ የተከፈተው ዋይፋይ

ካዛንቺስ ውስጥ ፎቶ ቤት ያለው አንድ የድሮ ወዳጅ አለኝ። የዋይፋዩን ፓስወርድ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎት ነበር። የጎረቤቱ ምግብ ቤት አስተናጋጆች፣ ታክሲ ጠባቂው፣ ዝናብ ያስጠለለው መንገደኛ ሁሉ ይጠቀሙበታል።

«ቢያንስ የእንግዳውን መስመር ለብቻ አድርገው» ብዬው ነበር።

«ኢንተርኔት ሰሰተ ልባል? በዚህ ዕድሜዬ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ሥራው የሚሄደውም በዚያው መስመር ነበር። ያነሳቸውን ፎቶዎች በሙሉ፣ ማተሚያው በቀላሉ እንዲያገኛቸው ብሎ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ፓስወርድ ክፍት አድርጎ አስቀምጧል። የሰፈሩ ሰርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ እዚያ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ሱቆች በቀር ሰፈሩ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳር ሲበተን፣ ዕቃ ሲያጓጉዝ አልበሙ የጠፋበት ሁሉ ወደ እሱ መመለስ ጀመረ።

አንድ ቀን ደወለልኝ። ስደርስ አንድም ፎቶ አይከፈትም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተደቅኗል። የጠራው ባለሙያ ራውተሩን ሲመረምር ቆይቶ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዋይፋይ አይደለም፣ ቦኖ ነው! ቫይረሱ በማን ስልክ፣ በማን ላፕቶፕ እንደገባ በምን ይታወቃል?»

«ባክአፕ አለኝ» አለ ወዳጄ ፈጠን ብሎ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የተሰካውን ሃርድ ዲስክ እያሳየ።

«መቼም አይነቀልም?»

«ለምን ይነቀላል? እንዳይጠፋ ብዬ ነው እንጂ።»

«በቃ፣ እሱንም ቆልፎታል። ሌቦቹን ቢከፍሏቸውም ፎቶዎቹን መመለሳቸውን እንጃ።»

ጋዜጠኛ ነኝ፤ እንዲህ ስላለው ጥቃት ብዙ ዘግቤአለሁ። መስመሩን ለይ፣ በፓስወርድ ዝጋ፣ ቅጂውን ነቅለህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ሁሉም ትክክል ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ግን አንዱም የሚረባ አልነበረም።

እዚያው ቆመን ሳለ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ገቡ። የመጡት ከተዛወሩበት፣ ከሩቅ ነው።

«አንተ ልጅ፣ የባለቤቴን ፎቶ አሳድገህ አትምልኝ፤ ተዝካሩ ደርሷል። ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ቤት ስንለቅ ጠፋ። ልጆቹን ‹አትጨነቁ፣ ፎቶ ቤት አለ› ብያቸው ነው የመጣሁት።»

ወዳጄ ባለሙያውን አየው። ባለሙያው ዕቃውን መሸከፍ ጀመረ።

«ሰኞ ይምጡ፣ እማማ» አላቸው ወዳጄ።

መርቀውት ሲወጡ «ሰኞ ምን ልትሰጣቸው ነው?» አልኩት።

«ታዲያ የለም ልበላቸው? አንተ ትላቸው ነበር?»

ሰኞ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ፎቶ ቤቱ ተዘግቷል። ስልኩን አያነሳም። አሮጊቷ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ፎቶዎቹ በሙሉ እንደጠፉ፣ እንደማይመለሱም፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እሱ ግን ሰኞ ነው ያለኝ» አሉኝና ነጠላቸውን አስተካክለው መጠበቃቸውን ቀጠሉ።